«ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ሲሏችሁ እንዴት ትሰሙታላችሁ፣ ምንስ ትመልሳላችሁ?

ባሕር ዳር ውስጥ ከእንግዳ ጋር የሚሠራ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። አስጎብኚው፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባዩ፣ ጀልባ የሚያከራየው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሁሉም። «ነገ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንሂድ?» ብለው ይጠይቃሉ። እንግዳው ፈገግ ይልና «ሌትስ ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ይላል። ከዚያ ዝምታ። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ቃል በቃል ቢመነዘር «በጆሮ እንጫወተው» ነው የሚወጣው። ምኑን? በማን ጆሮ? ብዙው ሰው «ኦኬ፣ ኦኬ» ብሎ ያልፈዋል። ጀልባው ይያዝ አይያዝ ግን አልታወቀም።

ትርጉሙስ ቀላል ነው። «አሁን አንቁረጠው፤ ሲደርስ ሁኔታውን እያየን እንወስናለን» ማለት ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይህን ያለ ሰው ምኑን እንደተስማማ፣ ምኑን እንዳቆየ ካላወቃችሁ ትርጉሙን መሸምደዱ ብቻውን አያበላም። ስለዚህ ከሥሩ ጀምረን እስከ ስልክ መልእክቱ እንሂድ።

መጀመሪያ፦ ከሙዚቃው ተነሡ

አባባሉ የወጣው ከሙዚቃ ነው። አንድ ሰው ኖታ ሳያነብ፣ የሰማውን ዜማ ይዞ ሲጫወት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «በጆሮ ተጫወተ» ይላሉ። በዚህ ትርጉሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አስቆጥሯል። ለዕቅድና ለቀጠሮ መዋሉ የተስፋፋው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በተለይ አሜሪካኖች ዘንድ።

ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አይከብድም። አዝማሪ አይታችኋል። ታዳሚው «ተቀበል!» ይለውና ግጥሙን ይወረውርለታል። አዝማሪው እዚያው ተቀብሎ ከማሲንቆው ጋር ያወጣዋል። ቀጥሎ ምን ዓይነት ግጥም እንደሚመጣ አያውቅም። ቅኝቱን ግን ያውቃል። ትዝታ ከሆነ ትዝታ ነው፣ አምባሰል ከሆነ አምባሰል ነው። አዲስ ግጥም ስለመጣ ቅኝቱ አይፈርስም። «ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» የሚለው ሰውም እንዲሁ ነው። አብረን እንውላለን የሚለው ነገር አለ። የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን የሚለውን ነው ያቆየው። «ዕቅድ የለኝም» አላለም። «ግድ የለኝም»ም አላለም። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ታች ታስፈልገናለች።

ቀጥሎ፦ አፋችሁን አስለምዱት

አጭር አባባል ናት፤ ግን ታደናቅፋለች። «ኢት» የምትለው ቃል አትጣል። ያለ እሷ «ፕሌይ ባይ ኢር» ካላችሁ ወደ ሙዚቃው ተመለሳችሁ፤ ፒያኖ በጆሮ እጫወታለሁ ማለት ይሆናል። «ኢር» ደግሞ ሁልጊዜ ነጠላ ነው። ሁለት ጆሮ አለኝ ብላችሁ «ኢርስ» አትበሉ። «ማይ ኢር»ም አይባልም።

አነጋገሩ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ቶሎ ቶሎ ሲነገር የ«ባይ» መጨረሻ ወደ «ኢር» ይሻገርና «ባይ ዪር» ይመስላል። «ዪር» ደግሞ ዓመት ነው። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሰዎች እንኳ ተሳስተው በዓመት ሲጽፉት ይታያል። እናንተም ዓመት የሰማችሁ ከመሰላችሁ አትደንግጡ፤ ቀጠሮው ለከርሞ አልተላለፈም።

አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መልክ ትሰሙታላችሁ። «ሌትስ ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ሐሳብ ማቅረቢያ ነው፤ «እያየን እንሂድ» እንደማለት። «ዊል ሃቭ ቱ ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ሲሆን ግን ምርጫ ጠፍቷል፤ «እንግዲህ ሲደርስ ከማየት ሌላ ምን እናደርጋለን» ዓይነት ነው። ስላለፈ ነገር ስታወሩ «ፕሌይድ» ይሆናል። ጉዞ እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቋችሁ «ዊ ጀስት ፕሌይድ ኢት ባይ ኢር» ብትሉ፣ ቀድመን ሳንወስን እንደ ሁኔታው ነው የሄድነው ማለታችሁ ነው። ዘና ያለ አነጋገር ነው፤ ብልግና ግን የለበትም። ለአለቃም ለእንግዳም ይነገራል።

ከዚያ፦ እሺታ ይሁን እምቢታ ለዩ

የእኛና የእነሱ ልማድ የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ «እናያለን» ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ነው። ጎጃም ውስጥ ትልቅ ሰው ፊት ቀርባችሁ አንድ ነገር ብትለምኑና «እስቲ እናያለን፤ እግዜር ያውቃል» ብትባሉ፣ ጨዋ ከሆናችሁ ሁለተኛ አትጠይቁም። እምቢታው ፊት ለፊት እንዳይመታችሁ ተሸፍኖ ነው የተሰጣችሁ። ሽፋኑን ገልጦ «ቁርጡን ይንገሩኝ» ማለት ነውር ነው። በዚህ ያደገ ልጅ ደግሞ ጆሮው በዚህ ተቃኝቷል።

ፈረንጁ «ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ሲለው ልጁ በልቡ «በቃ፣ እናያለን አለኝ፤ አልፈለገም» ብሎ ይደመድማል። ጀልባውን ለሌላ ይሰጣል። በማግስቱ እንግዳው ቁርሱን በልቶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ የፀሐይ ክሬሙን ተቀብቶ ሎቢው ላይ ይቀመጣል። ልጁም ይገረማል፣ እንግዳውም ይገረማል።

እንደኔ አስተያየት አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እሺታው ያደላል። ሰውየው ማድረጉን ይፈልጋል፤ መታሰሩን ግን አይፈልግም። አንዳንዴ ደግሞ ፈረንጅም ይሉኝታ ይይዘዋል፤ መሸሽ ሲፈልግ በዚችው ይሸሻል። እንዴት ትለያላችሁ? ከአባባሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ስሙ። «ዲፔንዲንግ ኦን ዘ ዌዘር» ካለ የሚጠብቀው አየሩን ነው። «አይል ቴክስት ዩ አፍተር ብሬክፈስት» ካለ ይፈልጋል፤ ከቁርስ በኋላ መልእክት እልካለሁ ብሏል። ምክንያት ሳይጠቅስ፣ ሰዓት ሳይጠራ፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ከተናገረው ግን ያ የእኛው «እናያለን» ነው። እንደዚያ ሲሆን እንዳገራችሁ ልማድ ተዉት። ጉትጎታ እዚህም እዚያም ያስጠላል።

አሁን ጠይቁ

መጠየቅ የእንግዳውን ነፃነት መንካት የሚመስላቸው ልጆች አሉ። አይደለም። ክፍት የተተወ ነገር ጥያቄ ይጋብዛል። የማይጠየቀው «የስ ኦር ኖ?» ነው፤ እሱ ሰውን ጥግ ማስያዝ ነው።

ይልቅ በመጀመሪያ ውሳኔው በምን ላይ እንደተንጠለጠለ ጠይቁ። «ዋት ዳዝ ኢት ዲፔንድ ኦን?» ይባላል፤ ግን ትንሽ ምርመራ ምርመራ ይላል። ለስለስ ለማድረግ «ኢዝ ኢት ዘ ዌዘር፣ ኦር ሃው ዩ ፊል?» በሉ። አየሩ ነው ወይስ ድካሙ? መልሱ ለሥራችሁ ብዙ ይጠቅማል። አየሩ ከሆነ ከእሱ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እዚያው ልትመክሩት ትችላላችሁ። ድካሙ ከሆነ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ጠብቁት።

ቀጥሎ መቼ እንደሚወሰን ጠይቁ። ይችኛዋን ካልጠየቃችሁ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። «ዌን ሹድ አይ ቼክ ባክ ዊዝ ዩ?» በሉት፤ መቼ ተመልሼ ልጠይቅዎ ማለት ነው። በጣም ጨዋ አነጋገር ነው። ውሳኔውን አልጠየቃችሁትም፤ የጠየቃችሁት የውሳኔውን ሰዓት ነው። ሰዓቱን ሲነግራችሁ ደግሞ የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ አጣሩ። «አት ኤይት» ያለ እንግዳ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው ያለው። እንደኛ ቆጥሮ ከቀኑ 8 ሰዓት ብቅ የሚል ልጅ ስድስት ሰዓት አርፍዷል።

ሲገጣጠም እንዲህ ይመስላል፦

«ሹድ ዊ ጎ ቱ ዘጌ ቱሞሮው?»

«ሌትስ ፕሌይ ኢት ባይ ኢር።»

«ሹር። ኢዝ ኢት ዘ ዌዘር፣ ኦር ሃው ዩ ፊል?»

«ሃው አይ ፊል። አይ ዲድንት ስሊፕ ማች።»

«ኖ ፕሮብሌም። ዌን ሹድ አይ ቼክ ባክ ዊዝ ዩ?»

«አራውንድ ሰቨን?»

«ሰቨን ኢን ዘ ሞርኒንግ። አይል ኮል ዩ።»

ልጁ የተናገረው ጥቂት ነው። ግን እንግዳው እንቅልፍ እንዳጣ፣ ዘጌን እንዳልጠላ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መልስ እንደሚገኝ አውቋል። የጀልባው ባለቤት ሲጠይቀው «እንጃ» አይልም። «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሳውቅሃለሁ» ይላል። መጨረሻ ላይ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብሎ መድገሙን አስተውሉ፤ የሰዓቱን ጣጣ በሦስት ቃል ዘጋው።

የማይላላውን ቀድማችሁ ተናገሩ

እንግዳው ሁሉንም ነገር ክፍት አድርጎ የሚተወው ብዙ ጊዜ የአገሩን ጠባይ ስለማያውቅ ነው። ቅኝቱን መንገር የእናንተ ድርሻ ነው።

ጣናን ውሰዱ። ሐይቁ ላይ ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለጀልባ ጠዋት ይመረጣል። ዘጌ ላይ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለባሕር ዳር ቅርብ ናት። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ግን ሩቅ ናት፤ በማለዳ ካልተነሡ ደርሶ መመለስ ይከብዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ተነሥቶ «ናርጋ ደርሰን እንምጣ» የሚባል ነገር የለም። ሌላው ደግሞ የገዳማቱ ሥርዓት ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም። ባልና ሚስት ይዛችሁ ሄዳችሁ ደጃፉ ላይ ስትደርሱ የምትናገሩት ነገር አይደለም። ጀልባው ከመነሣቱ በፊት መነገር አለበት።

ለዚህ የሚሆን ምቹ አነጋገር አለ። «ዘ ቦት ኢዝ ፊክስድ፣ ዘ ሬስት ዊ ካን ፕሌይ ባይ ኢር።» ጀልባው ተቆርጧል፣ የቀረውን እያየን እናደርጋለን ማለት ነው። ቅድም አትጣል ያልኳችሁ «ኢት» እዚህ ጠፋች ብላችሁ እንዳትይዙኝ። «ዘ ሬስት» ቦታዋን ስለያዘላት ነው።

ጢስ ዓባይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሄዱ ቀላል ነው። ፏፏቴው ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት አይደለም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሞልቶ ይገማሸራል፤ በጋው ሲገፋ ይሳሳል። በዚያ ላይ ውኃው ለኤሌክትሪክ ይጠለፋል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሁለተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ተጨመረ። ስለዚህ በበጋ ለመጣ እንግዳ «አዎ፣ የሚያስደንቅ ፏፏቴ ያያሉ» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ጠዋት እዚያ ላሉ ሰዎች ደውሉና ውኃውን ጠይቁ። ይህ በጆሮ የሚሄድ ነገር ነው፤ ያውም ቃል በቃል። የመንገዱም ነገር እንደዚያው ነው። መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን ሳያጣሩ መውጣት እንደማይሆን በዚህ ጊዜ ለጎጃም ሰው አይነገርም። ለእንግዳው ግን ይነገራል፤ «ፕሌይ ኢት ባይ ኢር»ን በደንብ የምትጠቀሙበት ቦታ ነው፤ «ዊል ቼክ ዘ ሮድ ፈርስት፣ ዜን ፕሌይ ኢት ባይ ኢር።» መጀመሪያ መንገዱን እናጣራለን፣ ከዚያ እያየን እንወስናለን ማለት ነው።

ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን ማየት የሚፈልግ እንግዳ ከመጣላችሁ ደግሞ ቀልድ የለም። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓሉን የሚያውቀው ብዙ ነው። አልጋ ቀድሞ ይያዛል። «ዊ ካንት ፕሌይ ዛት ዋን ባይ ኢር» በሉት፣ ይሄኛውን እያየን የምንለው አይደለም ማለት ነው፤ ይገባዋል።

ዋጋም እንዲሁ። የጀልባ ኪራይ፣ የአስጎብኚ አበል፣ የነዳጅ ነገር በጆሮ አይሄድም። ሒሳቡን «እያየን» ብለው ተነሥተው ወደብ ላይ የሚጨቃጨቁ ሰዎችን ያየ ያውቀዋል።

ከዘመዶቹ ጋር አታምታቱት

«ዊንግ ኢት» የቅርብ ዘመድ ይመስላል፤ ግን ሌላ ነው። ሳይዘጋጁ ገብቶ እንደምንም መወጣት ነው። ስለ ገዳሙ ታሪክ ገለጻ ልታደርጉ ስትሉ «አይል ዊንግ ኢት» ካላችሁ፣ አላነበብኩም፣ የመጣልኝን እናገራለሁ እያላችሁ ነው። ለከፋይ እንግዳ አይነገርም።

«አይም ኢዚ» የሚሉት በብዛት እንግሊዞች ናቸው። ዓሣ ይሁን ሽሮ፣ ዛሬ ይሁን ነገ፣ ሁለቱም ይመቸኛል ማለት ነው። ከ«ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» የሚለየው ውሳኔውን ለእናንተ መስጠቱ ነው። እንዲህ ያለን ሰው ደጋግማችሁ አትጠይቁት፤ መርጣችሁ ንገሩት። ግን ተጠንቀቁ። ሰውየው ስለራሱ ሲለው ደኅና ነው። እናንተ ስለ አንዲት ሴት «ሺ ኢዝ ኢዚ» ብትሉ ከባድ ስድብ ነው፤ በሥነ ምግባሯ ነው የገባችሁት። ደግ ናት፣ አታስቸግርም ለማለት ከሆነ «ሺ ኢዝ ኢዚጎዪንግ» በሉ።

«ሬይን ቼክ» ደግሞ ከቤዝቦል የመጣ ነው፤ ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን እንዲገባ የሚያስችል ትኬት ነበር። «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» ያላችሁ ሰው ዛሬ አይሆንልኝም፣ ሌላ ቀን ጋብዙኝ ነው የሚለው። ይሄ ቁርጥ ነው፤ ለዛሬ ጀልባውን ልቀቁት።

«ዊግል ሩም» ማለት መፈናፈኛ ነው፤ በዋጋም በሰዓትም ይባላል። «አፕ ኢን ዘ ኤር» ገና ያልተወሰነ ነው። ሰዓት ላይ የምትለጠፈው «ኢሽ» ደግሞ «ገደማ» ናት። «ሲክስ-ኢሽ» ያለ ሰው እንደ ጎጃሜ «እሽ» እያለ አይደለም፤ ስድስት ገደማ ማለቱ ነው፣ በፈረንጅ።

ለቤተሰብ ስታስተረጉሙ

ይህ ከሁሉም የሚያስቸግረው ነው። ከአሜሪካ የአክስት ልጅ ይመጣል፤ ደምበጫ ወይም ፍኖተ ሰላም ያሉትን ዘመዶች ሊያይ። ስልክ ላይ «መቼ ትመጣላችሁ?» ሲባል፣ እዚያ ተወልዶ ያደገው ልጅ «ዊል ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ይላል። መሀል ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እናት በጉን አስመርጠዋል፤ ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም። «ምን አለ ልጄ፣ መቸ ነው የሚመጡት?» ይላሉ።

«እንደ ሁኔታው ነው አለ» ብላችሁ ካስተረጎማችሁ ቅር ይላቸዋል። «እናያለን አለ» ካላችሁ የባሰ ነው፤ ልጁ ሊመጣ አልፈለገም ብለው ያዝናሉ። ልጁ ደግሞ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቹ መንገድ ላይ እንዳይደክሙበት ፈርቶ ነው። ስለዚህ አሳብረው የሚያስተረጉሙበት መንገድ ያስፈልጋል። ቀድማችሁ ልጁን ጠይቁት፤ በየትኛው ቀንና በየትኛው ቀን መካከል? የመጨረሻውን ቀን ከሱ ካገኛችሁ ለእናት የምታደርሱት እሱን ነው። «እማ፣ መምጣቱንስ ይመጣሉ። ከሐሙስ አያልፉም። ማርቆስ ሲያድሩ ይደውሉልናል።» እናት ድፍድፉን መቼ እንደሚጥሉ ያውቃሉ፤ ልጁም አልታሰረም።

ለልጁ ደግሞ በተራው የእናትን ነገር ንገሩት። እዚህ ቤት ሰው ሲመጣ ጎረቤት ይጠራል፤ በግ ይታረዳል። ቀኑን በጆሮ መተው ይቻላል፤ መምጣት አለመምጣቱን ግን አይቻልም። እንዲህ ካላችሁት ይገባዋል።

በጽሑፍ ሲሆን

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ይህን አባባል መጻፍ ነውር የለውም። በፈረንጅ ፊደል ስትጽፉት «ኢር» ሦስት ፊደል ብቻ ናት፤ ፊቷ ላይ «ዋይ» ከጨመራችሁባት ዓመት ሆነች። ለኤምባሲ ደብዳቤ፣ ለውል፣ ለመሥሪያ ቤት የጉዞ ዕቅድ ግን አይሆንም። እዚያ «ቱ ቢ ኮንፈርምድ» ይበቃል፤ ወደፊት ይረጋገጣል ማለት ነው።

መልእክቱ ላይ ቁርጡን ነገር አስቀድሙ፣ ክፍቱን አስከትሉ፣ የምትደውሉበትን ሰዓት መጨረሻ ላይ አድርጉ። «ቦት አት ኤይት ኤ ኤም ኢዝ ኮንፈርምድ። አፍተር ላንች ዊ ካን ፕሌይ ኢት ባይ ኢር። አይል ኮል ዩ አት ዋን ፒ ኤም።» ጀልባው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ እንደ ሁኔታው፣ ስልክ ከቀኑ 7 ሰዓት።

7 ሰዓት ሲሞላ ደውሉ። ዝናቡ እየወረደ፣ መልሱ ግልጽ ቢመስላችሁም ደውሉ። እንግዳው ቡና ሊጠጣ፣ ገበያ ሊወጣ ወይም ሊተኛ የሚወስነው የእናንተን ስልክ ጠብቆ ነው።